አልነሳ ያለችው ቮልስ አባትና ልጅ ልታቆራርጥ ነበር!

ለዛሬ ከፍቅርና ከትዳር ወጣ ብለን ስለ መኪና እናውራ። መኪና የሌላችሁም ገጹን አትግለጡት፤ መጨረሻው እናንተንም ይነካል።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ዋገን ያን ዕለት «አልነሳም» ብትል ኖሮስ? እሷ እንኳ ተነስታለች። የተበላዋ ቮልስ ግን እምቢ አለች።

ተበላ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ሃያ ኪሎ ሜትር ሳትሞሉ የምታገኟት የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ አንድ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። አባቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቮልሷን የገዟት በወጣትነታቸው ነው። እናቱን ምጥ የያዛት ሌሊት ሶዶ ሐኪም ቤት ያደረሰቻትም ይህችው ቮልስ ናት። እንግዲህ መኪና ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ጊፋታ፣ ማለትም የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነገር ተበላሸ። ቮልሷ ጠዋት በብርዱ ትነሳለች። ሶዶ ደርሳ ስትመለስ፣ ቀትር ላይ አጥፍተው መልሰው ቁልፉን ሲያዞሩ ግን «ጠቅ!» ትልና ዝም። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ሲገፏት ደግሞ ወዲያው ትነሳለች።

ጓደኛዬ ደወለልኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ሁለት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ስለነበርኩ አዋቂ ነኝ ብሎ ያምናል። እኔም አላሳፈርኩትም! «ካርቡሬተሯ ነው፣ አስፈታው» አልኩት። ስልክ ላይ ሆኜ! ተፈታ፣ ታጠበ፤ ያው ናት። «እንግዲያው ቦቢናዋ ነው» አልኩ። ተገዛ፤ ያው ናት። ካንዴላዎቹ አራቱም ተቀየሩ፤ ያው ናት። ለበዓሉ ሥጋ ከተቀመጠው ብር ግማሹ ሄደ።

ከዚያማ ቤቱ ታመሰ። አባት «ነካክተህ ገደልካት» አሉ። ልጅ «ድሮም ያረጀች ናት፣ እርስዎ ነዎት የማይሸጧት» አለ። አራት ቀን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አልተነጋገሩም። በመሃል አንድ ደላላ ብቅ አለና «ሞተሯ ሞቷል፣ በብረት ዋጋ ልውሰዳት» አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ተራ ብረት እንዳልሆነ ደላላው ከእኛ በላይ ያውቃል። አባትም በንዴት «ይውሰዳት!» ብለው ቀጠሮ ሰጡት።

ይህን ስሰማ አላስቻለኝም፣ ቅዳሜ ዕለት ራሴ ወረድኩ። እኔ ስለ ካርቡሬተር ስተነትን፣ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የጓደኛዬ እህት ቡና እየቀዳች «ጋሼ፣ ሲገፏት ለምን ትነሳለች ታዲያ?» አለችኝ።

አፌ ተያዘ! እውነቷን እኮ ነው። መኪና ተገፍታ ከተነሳች ቤንዚኑ ደርሷል፣ እሳቱም አለ ማለት ነው። ካርቡሬተሩም፣ ቦቢናውም፣ ካንዴላውም ጤነኛ ናቸው። የታመመው ሞተሩን የሚያዞረው ወገን ነው፤ ባትሪው፣ ገመዶቹ ወይም ሞተሪኖው። ምልክቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይናችን ሥር ነበር። እኛ ግን የማይሠራውን ብቻ እያየን የሚሠራውን አልጠየቅንም።

የፊት መብራት አበራንና ቁልፉን አዞርን። «ጠቅ» ስትል መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ባትሪው ጉልበት አለው፣ ኃይሉ ግን ሞተሪኖው ጋ አይደርስም። ከሥር ገባሁ። ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው፣ እኛ ጋራዥ ማሳ የምንለው የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ አረንጓዴ ሻጋታ መስሏል፣ ቡሎኑም ላልቷል። ጠዋት በቀዝቃዛው እንደምንም ታልፋለች። ሞተሯ ሲግል ደግሞ ሞተሪኖውም አብሮ ስለሚግል፣ ያቺ ደካማ ኃይል አልበቃ ትላለች። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለን፣ ገመዱን ፈተን፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግነውና አጠበቅነው። ወጪ? ምንም!

እናንተስ ቢገጥማችሁ?

አሮጌ መኪና አልነሳ ስትል ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጧት።

1. ድምፅም መብራትም ከሌለ ወደ ባትሪው ሂዱ። ቮልስ ላይ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ 12 ከደረሰ ተራቁቷል። ጥንታዊዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ ሳታረጋግጡ ከሌላ መኪና አታስነሱ።

2. «ጠቅ» ብላ ዝም ካለች መብራት አብርታችሁ ሞክሩ። መብራቱ ከጠፋ ባትሪው ወይም ማሰሪያው ነው። ካልደበዘዘ ማሳውን፣ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን ገመድና ሞተሪኖውን እዩ።

3. በደንብ እየዞረች ካልተነሳች ሞተሪኖውን ተዉት። ካንዴላ ነቅላችሁ ተመልከቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ከራሰና ቤንዚን ከሸተተ ታፍናለች፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ ይዛችሁ አስነሱ፣ ደጋግማችሁ አትርገጡ።

4. ቤንዚን ደርሶ እሳት ከሌለ ፑንቲናውን አስለኩ። የቮልስ ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው።

አደራ! ካርቡሬተር ላይ ቤንዚን አታፍስሱ። ያረጀ የቤንዚን ጎማም ሳይውል ሳያድር ቀይሩ፤ ሞተሩ ላይ ከፈሰሰ መኪናዋ ትነዳለች። የባትሪው ክዳንም አይጥፋ፤ የመቀመጫው ሽቦ ባትሪውን ከነካ እሳት ያስነሳል።

ወደ ተበላ ልመልሳችሁ። ያን ቀን ቀትር ላይ፣ ሞተሯ እንደጋለ፣ ቁልፉ ዞረ። ተነሳች! ጎረቤት ሁሉ እልል አለ። አባት ምንም አልተናገሩም። በሾፌሩ በር በኩል ዞረው መጡና ቁልፉን ለልጃቸው ሰጡት፣ እሳቸውም ከጎኑ ገብተው ተቀመጡ። የጊፋታን ገበያ አብረው ወጡ። ደላላው ሲመጣ ቤቱ ዝግ ነበር።

የቦቢናውን ብር እኔ ከፍያለሁ፤ ሳላይ የፈረድኩት እኔ ነኛ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏችኋል ይህ ነው። ከሰው ጋር ስትጣሉም ይህችን የልጅቷን ጥያቄ አትርሱ። የተበላሸውን ከመቁጠራችሁ በፊት እስካሁን የሚሠራው የቱ እንደሆነ ጠይቁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰማን!