የጥርስ ሥር መሙያ ደኅንነት እንዴት ይፈተናል?

በሙስካት አል ሙዋሌህም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ሩት ካናል በመባል የሚታወቀውን ሕክምና ያደረገ ሰው በጥርሱ ሥር ለዓመታት የሚቆይ ባዕድ ነገር ይዞ ይኖራል። በሕክምናው የታመመው የጥርስ ነርቭ ወጥቶ፣ ባዶው ቦይ ከዛፍ ፈሳሽ በሚዘጋጀው ጉታ ፐርቻ እና ክፍተቱን በሚደፍን ማሸጊያ ይሞላል።

ማሸጊያው አይ.ኤስ.ኦ 6876 በተሰኘው ዓለም አቀፍ መስፈርት ይመዘናል። በሁለት መስታወቶች መካከል ሲጫን ቢያንስ 17 ሚሊሜትር ስፋት ድረስ መዘርጋት አለበት፤ የሽፋኑ ውፍረት ከ50 ማይክሮሜትር፣ በውኃ የሚሟሟው ክፍልም ከክብደቱ 3 በመቶ መብለጥ የለበትም። ማሸጊያው ከሟሟ ለባክቴሪያ መንገድ ይከፈታል።

ከሕብረ ሕዋስ ጋር ያለው ተስማሚነት ደግሞ በመጀመሪያ በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት፣ ቀጥሎም በእንስሳት ላይ ይታያል። አዲስ የተለወሰ ማሸጊያ አብዛኛውን ጊዜ ከጠነከረው ይልቅ ሕዋሳትን ይጎዳል። ፎርማልዴሃይድ የሚለቁት ዓይነቶች ከሥሩ ጫፍ አልፈው ከወጡ ነርቭንና አጥንትን ሊጎዱ ይችላሉ።

ስለሆነም ታካሚው የመሙያውን ስም ጠይቆ ከራጅ ፊልሙ ጋር ቢያስቀምጥ፣ አገር ሲቀይር ለቀጣዩ ሐኪም ይጠቅማል። ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ከንፈሩ ደንዝዞ ከቆየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሙ መመለስ ይኖርበታል።