ጤና መኮንን ወይስ ሐኪም? የሳንጃ ተማሪ ሒሳብ

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት በወጣ ሰሞን በየቤቱ የሚነሳ ክርክር አለ። በጎንደር አካባቢ ባለችው በሳንጃ ከተማ ጥሩ ውጤት ያመጣች ልጅ ያለው ቤተሰብ ምኞቱ አንድ ነው፦ ልጃችን ዶክተር ትሁን። ጤና መኮንንነት ከተነሳ «ነጥብ ላልሞላለት» ተብሎ ይታለፋል። ክርክሩን በክብር ሳይሆን በብርና በዓመት ብንሰፍረው ግን መልሱ ያን ያህል ቀላል አይሆንም።

አሜሪካውያን ይህን ሒሳብ በግልጽ ይሠሩታል። እዚያ ከእኛ ጤና መኮንን ጋር የሚነጻጸር ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባል ሙያ አለ፤ ከነርስነት በላይ በሁለተኛ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሠልጥኖ በሽተኛ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዚህ ባለሙያ መካከለኛ የዓመት ገቢ 126 ሺህ ዶላር ግድም ነበር። የቤተሰብ ሐኪሙ ገቢ ከ200 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ ነገር ግን ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ 11 ዓመት ያህል ይማራል፤ ተበድሮ የተማረ ከሆነም 200 ሺህ ዶላር ግድም ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እዚያ ሐኪሙ ቢዘገይም ኋላ ላይ ያገኘዋል። ደመወዙ ዕዳውንም የባከኑትንም ዓመታት ይክሳል።

ነርስ ፕራክቲሽነርነት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጎንደር ከዚያ 11 ዓመት ቀድማለች። በአቅራቢያዋ ያለችውን ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ካጠቃ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያን ጊዜ አገሪቱ አንድም የሐኪሞች ማሠልጠኛ አልነበራትም። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የኮሚኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ጥቂት ገንዘብና ሰፊ ገጠር ላላት አገር ከዚህ የተሻለ ስሌት እስከ ዛሬ አላየሁም። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት የሐኪሞች ፋኩልቲ ሲሆን የጤና መኮንኖች ሥልጠና ቆመ፤ የተመለሰው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የሐኪሞቹ ፋኩልቲ መከፈት ተገቢ ነበር። ስህተቱ አንዱን ለመጀመር ሌላውን መዝጋቱ ላይ ነበር፤ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አባክነናል።

አሁን ወደ ሳንጃ እንመለስ። ሁለት እህትማማቾች አሉ እንበል፤ አንዷ ጤና መኮንን፣ ሌላዋ ሐኪም ልትሆን ገብታለች። ሥርዓተ ትምህርቱ በየጊዜው ቢለዋወጥም ሐኪሟ ቢያንስ ሁለት ዓመት ዘግይታ ሥራ ትጀምራለች። መንግሥት ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ የወሰነው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። የጤና ባለሙያዎች ዕርከን የራሱ ስሌት ቢኖረውም ለግምት ይህን እንያዝ። ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ መቆየት ግብር ሳይቀነስ 276 ሺህ ብር ማጣት ነው። ሐኪሟ ከእህቷ በወር 3,000 ብር ትበልጣለች ብንል በዓመት 36 ሺህ ይሆናል፤ ያጣችውን ለመመለስ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ይወስድባታል። ብልጫው 5,000 ቢሆን አራት ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል። በዚህ መሃል ደግሞ የዋጋ ንረቱ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር አቅም ሳስቷል፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ያደረሳቸው የኑሮ ጥያቄም ሐኪሙን ከነርሷ አልለየም።

በዚህ ላይ ሐኪሟ ወዲያው ሥራ እንደምታገኝ ማስተማመኛ የላትም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በፍጥነት በዝተዋል፤ የጤና በጀቱ ግን የመቅጠር አቅሙን በዚያው ልክ አላሰፋም። ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ጠቅላላ ሐኪሞችን ማየት ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል።

ታዲያ ሐኪምነት አያዋጣም? ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን እዚያው ጠቅላላ ሐኪም ሆነው ሲቀሩ አይደለም። ዋጋው ያለው ወደ ስፔሻሊስትነት በሚከፍተው በር ላይ ነው። የቀዶ ሕክምና ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት በጎንደር፣ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ከመንግሥት ሥራው ውጭ በግል ክሊኒክ ሊሠራ ይችላል። ሳንጃ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፤ የሐኪሟ መሰላል ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ከሳንጃ ይርቃል። ልጅቱን ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም፤ መሰላሉን የሠራነው እኛ ነን።

የጤና መኮንኑ መሰላልም ሌላ ችግር አለበት። አንድ ጎበዝ ጤና መኮንን ጥቂት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቶ በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም እርዳታ ድርጅት ይገባል። እዚያ ጥሩ ሪፖርት ይጽፋል፤ በሽተኛ ግን አያይም። እንግዲህ በሁለቱም መንገድ ለታማሚው ቅርብ የሆነው ሥራ የሁሉ ታችኛው እርከን ሆኖ ይቀራል። ባለሙያው ባደገ ቁጥር ከአልጋው አጠገብ ይነሳል።

ለሳንጃ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። አካባቢው የብልሃርዝያ አገር መሆኑ በተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የታወቀ ነው። በሰሊጥና በማሽላ ወቅት ከደጋው ወደ ታች አርማጭሆና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ እርሻዎች የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወባና ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ካላዛርን ከወባና ከታይፎይድ የሚለየው ሆዱን ዳብሶ ጣፊያውን ያገኘ፣ ከየትኛው እርሻ እንደመጣም የጠየቀ ባለሙያ ነው። ይህ ችሎታ በዓመታት ቆይታ ነው የሚዳብረው፤ ባለሙያው በየሁለት ዓመቱ ሲቀየር ልምዱ አብሮት ይሄዳል። ጎንደር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የአማራ ክልል ባለበት ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሪፈር የሚባለው ወረቀት ብቻ ይሆናል። መንገድ በተዘጋበት ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ዕድል በእጁ ያለው በቦታው የተገኘው ባለሙያ ነው።

ከሁለቱ መሰላሎች በተለየ፣ ሰውን ከአልጋው አጠገብ ሳያነሱ የሚያሳድጉ ሁለት መንገዶች ግን አሉን። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በሁለተኛ ዲግሪ የሚያሠለጥነው ፕሮግራም ተጀምሯል። እነዚህ ባለሙያዎች በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ፣ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ። በሐኪሞች በኩል ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ከፍቷል፤ ሐኪሟ ስፔሻሊስት ሆናም ከእናቱም ከሕፃኑም ከአዛውንቱም ጋር እንድትቆይ የሚያስችል መንገድ ነው። ሁለቱም የሚጎድላቸው በወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ደህና ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ነው።

የልጅቱ ምርጫ እንግዲህ ከምትኖርበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ስፔሻሊስት ለመሆን ከአሥር ዓመት በላይ የመታገሥ አቅምና ፍላጎት ካላት ሕክምና ትማር። ቶሎ ሥራ ይዛ ቤተሰቧን ልትደግፍ፣ በትውልድ ቦታዋም እየሠራች ልታድግ ከፈለገች ጤና መኮንንነት፣ ቀጥሎም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናው ሥልጠና፣ በሒሳብ የተሻለ ነው። ወላጆች ይህን መንገድ ስትመርጥ እንደ ውድቀት አትዩባት።

የክልሉ ጤና ቢሮም በየዓመቱ ለአዲስ ምሩቅ ቅጥርና ለዝውውር የሚያወጣውን ገንዘብ ከፍሎ፣ በሳንጃና በመሰል ሆስፒታሎች አምስት ዓመት ለቆየ ጤና መኮንንና ሐኪም የመኖሪያ ቤትና የቆይታ አበል ያድርገው።