ብልጭታና ጥበቃ፤ በመኪና ፕላስቲክ፣ ቪኒልና ጎማ ላይ ስለሚረጨው ፈሳሽ

በነፋስ ስልክ፣ በሳሪስና በጎፋ በኩል ባሉት ላቫጆዎች አጠገብ ያለፈ ሰው አንድ የተለመደ ሥራ ያያል። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አጣቢው መርጫ አንሥቶ ዳሽቦርዱን፣ የበሩን ፕላስቲክና ጎማውን ይረጫል፤ በጨርቅም ይወለውለዋል። አሮጌው ዕቃ ባንድ ጊዜ አዲስ ይመስላል፤ ባለመኪናውም ደስ ብሎት ይከፍላል። ነገር ግን የተገዛው ጥበቃ ነው ወይስ ብልጭታ ብቻ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ዕቃው በምን እንደሚያረጅ እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያኽል ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትሆናለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያኽል ይጨምራል። በዚህ ስሌት በከተማችን ያለው ጨረር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያኽል ይበልጣል ማለት ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን ይህን ብርታት አንገነዘበውም።

ሦስቱ ዕቃዎች የሚያረጁት በየራሳቸው መንገድ ነው። በውጭ ያለውን ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ፓራውልቱን፣ ጨረሩ ከኦክሲጅን ጋር ተባብሮ ረጃጅም ሞለኪውሎቹን ስለሚቆራርጣቸው ዕቃው ይነጣል፤ ኋላም ይሰባበራል። ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ለስላሳ የሚሆነው በፋብሪካ በሚጨመርበት ማለስለሻ ነው። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ሲግል ማለስለሻው ቀስ በቀስ ይተንና በመስተዋቱ ላይ እንደ ጭጋግ ያርፋል፤ ወንበሩም ይሰነጠቃል። ጎማ ደግሞ የተቀላቀለበት የካርቦን ጥቀርሻ ከብርሃን ይከላከልለታል። ዋናው ጠላቱ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ነው፤ ይህም ጎማው በተወጠረበት በኩል ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ሰምና ፀረ ኦዞን ንጥረ ነገር ይጨምርበታል፤ እነዚህም ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ወደ ገጹ ይወጣሉ።

እንግዲህ ወደ ፈሳሹ እንምጣ። በብዛት የሚሸጠው በውኃ የተበጠበጠ ወይም በነዳጅ ዘር አሟሚ የሟሟ የሲሊኮን ዘይት ነው። ሲሊኮን ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን ብርሃን አሳላፊ ስለ ሆነ ጨረር የሚውጥ ሌላ ንጥረ ነገር ካልተጨመረበት በቀር ራሱ ጨረርን አይከለክልም። ቢጨመርበትም ሽፋኑ ስስ ስለ ሆነ በእጥበትና በመፋተግ ይለቃል። አሟሚ ያለበት ዓይነት ደግሞ የተፈጥሮ ጎማን ሊያሳብጥና ሰሙን ሊያጥብበት ይችላል። ስለዚህ ገዥው በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቦ በውኃ የተዘጋጀውንና ጨረር ተከላካይ ያለበትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የማይረጭበትም ስፍራ አለ። መሪና ፔዳል ያንሸራትታሉ። የፍሬን ዲስክ፣ እንዲሁም መሬት የሚረግጠው የጎማ ገጽ፣ በተለይም የሞተር ሳይክል፣ ፈጽሞ ሊነካ አይገባም። የሚያብለጨልጭ ዳሽቦርድ በፊት መስተዋት ላይ እየተንጸባረቀ የነጂውን ዓይን ያውካል። የሲሊኮን ቅሪት በአካሉ ላይ ካለም ጋራዥ ገብቶ ቀለም ሲቀባ አዲሱ ቀለም ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብልጭታው የሚሸፍነው ነገር ነው። የተሰነጠቀ ጎማ ጠቁሮ ሲያብለጨልጭ ጤነኛ ይመስላል፤ በሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረው ሕዝብም ይህን ለማወቅ አይችልም። ስለዚህ ጎማ መመርመር ያለበት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ገና ሳይረጭ ነው። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚያመለክት ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብልጭታ ይህን ቁጥር አይለውጠውም።

ነገሩን ለመፈተን የሚወድ ተማሪ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ከአንድ እሽግ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ሦስት ወስዶ በጣውላ ላይ እኩል ይወጥር፤ አንዱን በጥላ፣ ሁለተኛውን በፀሐይ፣ ሦስተኛውን ፈሳሹን ረጭቶ በፀሐይ ያኑር። ከዚያም የመጀመሪያው ስንጥቅ በየትኛው ላይ፣ በስንተኛው ቀን እንደ ታየ ይመዝግብ። ፈሳሹ ጥበቃ መስጠቱ የሚታወቀው ከጨርቁ በኋላ በሚታየው መልክ ሳይሆን በዚህ መዝገብ ነው።