መምና ማትሪክ

በሱሉልታ ልምምድ የሚጀመረው ከትምህርት ቤት ደወል በፊት ነው። ከእንጦጦ ማዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተዘረጋው ሜዳ፣ ሳሩ አመዳይ እንዳዘለ ገና በጎህ ይረገጣል። ሯጮቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው በባሕር ዛፉ መሐል እየተጠማዘዙ ያልፋሉ፤ የኋለኛው ዓይኑን ከፊተኛው ተረከዝ አይነቅልም። እግር መከተል ይባላል። ከብት የሚያግደው ልጅ ቆሞ ያይና ጥቂት ርምጃ አብሯቸው ሮጦ ይመለሳል።

ከሰልፉ ውስጥ ተማሪም አለ። ላቡ ሳይደርቅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል መገኘት ይጠበቅበታል። ለሯጭ ከልምምድ በኋላ መተኛት የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ለተማሪ ያ ሰዓት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ልጅ ብዙም ሳይቆይ አንዱን ይጥላል፤ የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ ደብተሩን ነው።

እንዲህ የሆነው በስንፍና አይደለም። የኢትዮጵያ ሯጭ ቤት ከጥንትም ትምህርት ቤት አልነበረም። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። ዛሬም ከትምህርት ቤቶች ውድድር ወደ ታዳጊ ፕሮጀክት፣ ከፕሮጀክት ወደ ክለብ የሚወስደው መንገድ የሚያልቀው የመከላከያ ሠራዊቱን መቻልን፣ ንግድ ባንክን ወይም ፖሊስን በመሰለ ቡድን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ያስተምራሉ፣ እርስ በርስም ይወዳደራሉ፤ ደመወዙና ካምፑ ያለው ግን ክለብ ዘንድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እዚያ ወጣት ሯጭን የሚቀልበው፣ የሚያሰለጥነውና የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በከፍተኛው ምድብ ለአንድ የወንዶች አትሌቲክስ ቡድን 12.6፣ ለሴቶች 18 ሙሉ የነጻ ትምህርት ዕድል ሲፈቅድ ኖሯል። ከነጥቡ በኋላ ያለችው 6 የኅትመት ስህተት አይደለችም፤ አንዱ ዕድል እየተሸነሸነ ለብዙ ሯጭ ይታደል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ በብዙዎቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ የዕድል ገደብ ቀርቶ የቡድኑ አባላት ቁጥር ብቻ ተገድቧል።

ኬንያውያን ይህን በር ቀድመው አውቀውታል። ሄንሪ ሮኖ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብሯል። ኬንያዊው ተማሪ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል። የሱሉልታው ልጅ በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ክፍል ሲገባ መጻሕፍቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆኑበታል፤ ዕድሜው ደግሞ ልክ ክለብ ዓይኑን የሚጥልበት ዕድሜ ነው። መጨረሻ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2 በመቶ። ሲሮጥ ያልዋለው ተማሪም የወደቀበት ፈተና ነው።

ከኢትዮጵያዊ ቤት የወጣ የኮሌጅ ሯጭ ሲፈለግም የሚገኘው ከሱሉልታ ሳይሆን ከኬንታኪዋ ሉዊቪል ነው። ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ሯጭ የመሆን ሐሳብ አልነበረውም፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ማይል ሩጡ ሲባሉ ሮጠ፤ መምህሩ ያን አይቶ ወደ ቡድኑ መራው። ከዚያ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ አጠና። ሐሳቡ ጥርስ አስተካካይ ሐኪም መሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ የተቀረጸው የ1,500 ሜትር ፍጻሜ በዝግታ ሲታይ ሁለት ደረቶች ጎን ለጎን መስመሩን ይነካሉ። በዓይን አይለዩም። ሰዓት መያዣው ለያሬድ 3:41.381፣ ለሚሺጋን ስቴቱ ጀስቲን ኪፕሮቲች 3:41.384 መዘገበ። ልዩነቱ በርቀት ሲለካ ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የአውራ ጣት ስፋት ነው። ያሬድ በዚያች ጣት ስፋት የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮሌጆችን የርቀቱን ክብረ ወሰን በ3:34.68 ሰብሮ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ቢመረጥም፣ ጭኑን ተጎድቶ የመጀመሪያውን ማጣሪያ እንኳ ሳይሮጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ በ3:27.80 የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። ብሩን ያጣው በሰከንድ አንድ መቶኛ ነው።

በሳንባ ቢሆን የሱሉልታ ልጅ ከሉዊቪሉ አያንስም፤ ምናልባትም ይበልጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያሬድን ሩጫው ክፍል ውስጥ አገኘው፤ የሱሉልታውን ከክፍል ያስወጣዋል።

በሱሉልታ፣ በቡራዩም ሆነ በሰበታ ልጁ የሚሮጥ ወላጅ ማወቅ ያለበት የሚከተለውን ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ ለመሮጥ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚጠይቀው 16 ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን ነው፤ ስለዚህ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ትራንስክሪፕት ከሜዳሊያው ጋር አብሮ ይቀመጥ። ከ12ኛ ክፍል በኋላ በውድድር ብቻ የሚያልፉ ዓመታት ከኮሌጅ የውድድር ዘመን ሲቀነሱ ኖረዋል። ከማናጀር ጋር የሚፈረም ውልም የኮሌጁን በር ሊዘጋው ስለሚችል፣ ከመፈረሙ በፊት ይነበብ።