ተረትና እውነታ፦ መንግሥቱ ለጋይንት ገበሬ መሬት ሰጡት?

«ሌላው ቢቀር፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጭሰኛውን ባለመሬት አድርገዋል» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። አባባሉ ለአርሲ ወይም ለኢሉባቦር ብዙ እውነት አለው፤ በጎንደር ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። እዚያ ገበሬው በአብዛኛው ባለርስት እንጂ ጭሰኛ አልነበረም። በእናትም በአባትም አቅኚ አባቱ ድረስ ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ፣ ቢከለከል ዳኛ ፊት ይሟገት ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ያረሰውን ይዞ እንዲጠቀም ፈቀደለት፣ በዘር ቆጥሮ መጠየቁን ግን ሻረበት። አዋጁም ቢሆን የአንድ ሰው ችሮታ አይደለም። «መሬት ለአራሹ» ተማሪዎች በ1957 አደባባይ ይዘውት የወጡ መፈክር ነው፤ አዋጁ ሲታወጅ የደርጉ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲ ነበሩ። መንግሥቱ ሥልጣኑን የጠቀለሉት ተፈሪ በጥር 1969 ከተገደሉ በኋላ ነው።

«ርስት ያልነበረውስ?» ይባል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ብዙው ሙስሊም ሸማኔና ነጋዴ ከርስት ውጭ ነበሩ፤ ለእነሱ 1967 የእውነት ለውጥ ነው። ነገር ግን መሬት የሚደለድለው ገበሬ ማኅበር ብዙ ሳይቆይ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ በኮታ የሚሰበስብ፣ ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ከታወጀ ወዲያ ደግሞ ምልምል የሚያቀርብ ሆነ። ማሳውን የሚለካለት ሊቀመንበር የልጁንም ስም የሚመዘግበው ነው፤ እንግዲህ ገበሬው በየትኛው አፉ እምቢ ይበል? የድሮ ባላባት እንኳ ይህን ሁሉ በአንድ እጁ አልያዘም።

ጥፋቱን ለድርቅና ለጦርነት የሚሰጡም አሉ። ሁለቱም ገበሬውን ጎድተውታል፣ አይካድም። ሆኖም መንግሥቱ የካቲት 26 ቀን 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ፣ ደርግ ገበሬውን በጋራ እርሻ ያደራጀባቸው አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት፣ ጀማሪው መልባም ከፍ ያለው ወልባም፣ በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱ መሬቱንና በሬውን ተካፍለው ወደየግላቸው እርሻ ተመለሱ። ጦርነቱ በዚያን ጊዜ ይብስ ነበር እንጂ አልበረደም፤ ስለዚህ ማኅበራቱን ያፈረሰው የፖሊሲው መለወጥ ነው። በዓመቱ፣ በየካቲት 1983፣ የኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ ጎንደርንና ጎጃምን ከደርግ አስለቀቀ፤ ግንቦት 13 መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ፣ መኖሪያቸውም ሐራሬ ሆነ።

የመሬቱ ባለቤትነት ግን ወደ ገበሬው አልዞረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «የመንግሥትና የሕዝብ» አለው፤ በ1989 የአማራ ክልል ድልድል ደግሞ የደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹማምንት «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር እንዳያልፍ ተደረገ።