የአዞ እንቁላልና ወቅቶች፦ ተረትና እውነታ

ስለ አዞ ከጥንት ጀምሮ ከተነገሩት ነገሮች መካከል ብዙዎቹ የሚሳሳቱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ አሸዋ፣ ሙቀትና ዝናብ የሚሠሩትን ሥራ ለእንስሳው ጥበብ ወይም ጭካኔ ይሰጡታል። የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ በግሪካዊው ጸሐፊ በፕሉታርክ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። እንደ እርሱ አባባል፣ አዞ የዓባይ ሙላት በዚያ ዓመት እስከየት እንደሚደርስ አስቀድማ ስለምታውቅ እንቁላሎቿን ከዚያ ወሰን በላይ ትጥላለች።

እውነታው ሌላ ነው። በጫሞና በአባያ ሐይቆች የሚኖረው የዓባይ አዞ፣ ማለትም በአፍሪካ በስፋት የሚገኘው ትልቁ የአዞ ዝርያ፣ እንቁላል የሚጥለው ውኃው በሚሸሽበት የበጋ ወቅት ሲሆን፣ ሴቲቱ ከውኃው ብዙም ያልራቀ፣ ጥላ የማያጣና ከፍ ያለ አሸዋማ መሬት መርጣ በኋላ እግሮቿ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ትቆፍራለች። በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ፣ መጠናቸው የዝይ እንቁላል የሚያህል እንቁላሎች ከጣለች በኋላ አሸዋውን መልሳ ትደፍነዋለች። ብዙ ሴት አዞዎች ከዓመት ዓመት ወደዚያው ስፍራ ስለሚመለሱና ውኃ የሚደርስበት ቦታ ዘር ስለማያተርፍ፣ የተረፈውን ብቻ የሚያይ ሰው አርቆ ማየት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይሁን እንጂ ዝናቡ ቀድሞ ሲገባ ወይም ሐይቁ ከወትሮው በላይ ሲሞላ ጉድጓዶቹ በውኃ ይዋጣሉ፤ በእንቁላሉ ቅርፊት ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚተነፍሱት ሽሎችም ታፍነው ይሞታሉ። እናቲቱ ስለሚመጣው ሙላት አንዳች የምታውቀው ነገር የለም።

ሽሉ ለመፈልፈል ከ80 እስከ 90 ቀናት ያህል ስለሚፈጅበት፣ በበጋ የተጣለው እንቁላል በበልግ ዝናብ አካባቢ፣ ለግልገሎቹ ምግብ የሚሆኑ ነፍሳትና ትናንሽ እንቁራሪቶች በሚበዙበት ጊዜ ይፈለፈላል። ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል አንድ የመራቢያ ቀን መቁጠሪያ ግን የለም፤ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚዘንብበት በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ክፍል እንቁላል የሚጣልባቸው ወቅቶችም ሁለት ናቸው።

እናቲቱ እንቁላሎቿን ለፀሐይ ትታ ትሄዳለች፣ ግልገሎቿን ካገኘችም ትበላለች የሚለው እምነት ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከፊል እውነት አለው፤ እንቁላሉን የምታሞቀው እርሷ ሳትሆን አሸዋው ነው። ሆኖም ሦስቱን ወራት ከጉድጓዱ ብዙም ሳትርቅ፣ እምብዛም ሳትበላ ትጠብቃለች፤ ለውኃ ወይም ሰውነቷን ለማቀዝቀዝ ራቅ ባለች ቅጽበት አርጃኖ ደርሶ ሊዘርፋት ስለሚችል። ስለ አዞ አመጋገብ ደግሞ ጥንታዊው ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ አዞ በዓመቱ ቀዝቃዛ ወቅት አራት ወር ሙሉ እንደሚጾም የጻፈ ሲሆን፣ አዞ በቀዝቃዛ ወራት የምግብ ፍላጎቱ እንደሚቀንስ ቢታወቅም እንዲህ የተቆረጠ የጾም ወቅት የለውም። ይኸው ጸሐፊ አዞ ሌሊቱን በውኃ ውስጥ የሚያሳልፈው ውኃው ከአየሩና ከጤዛው ስለሚሞቅ ነው ማለቱ ግን ትክክል ነውና፣ ለፍትሕ ሲባል መጠቀስ ይገባዋል።

እናቲቱ ግልገሎቿን ትበላለች የሚለው ወሬ የመጣው በዓይን ከታየ ነገር ነው። ግልገሎቹ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ድምፅ ማሰማት ሲጀምሩ እናቲቱ አሸዋውን ትቆፍራለች፤ ከዚያም አንዳንዱን እንቁላል በአፏ ውስጥ እያንከባለለች ቀስ ብላ በመስበር፣ የወጡትንም በአፏ ይዛ ወደ ውኃ ታጓጉዛለች። ከሩቅ የተመለከተ ሰው ይህን እንደ መዋጥ ቢቆጥረው አያስደንቅም። ደቡብ አፍሪካዊው ተመራማሪ ቶኒ ፑሊ ድርጊቱን በቅርብ ተከታትሎ በመዘገቡ ጉዳዩ ግልጽ ሆኗል። ውኃ ውስጥ ከገቡ በኋላም ለሳምንታት አብራቸው ትቆያለች፤ ያም ሆኖ ከብዙዎቹ ግልገሎች ለአካለ መጠን የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።

ከዶሮ እርባታ የተወሰዱ ሁለት ግምቶችም መታረም አለባቸው። የዶሮ ጾታ ከመጀመሪያው በዘር ሲወሰን፣ የአዞ ጾታ ግን የሚወሰነው ሽሉ በሚያድግበት መካከለኛ ጊዜ ባለው የጉድጓዱ ሙቀት ነው፤ በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወንዶች ሲበዙ፣ ከ31 በታች ሲሆን ሴቶች ይፈለፈላሉ። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ከላይ ያሉትና ከታች ያሉት እንቁላሎች እኩል ስለማይሞቁ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል። ሁለተኛው ግምት የማገላበጥ ነው፦ ዶሮ እንቁላሏን ታገላብጣለች፣ የአዞ ሽል ግን ከተጣለ በአንድ ቀን ገደማ ከቅርፊቱ የላይኛው ክፍል ጋር ስለሚጣበቅ ቢገለበጥ ሊሞት ይችላል። እንቁላል የሚሰበስቡ የአዞ እርባታ ሠራተኞች የላይኛውን ጎን ምልክት አድርገው የሚያነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አዞ መኖሪያም መታረም ያለባቸው ግምቶች አሉ። በጫሞ ሐይቅ ዳር «የአዞ ገበያ» በመባል የሚታወቀው ስፍራ ጎብኚን የሚስበው በፀሐይ በሚሞቁት አዞዎች ብዛት ሲሆን፣ የሚሞቁበት ስፍራ ሁሉ እንቁላል የሚጥሉበት ስፍራ መስሎ መታየት የለበትም፤ ለመጣያ የሚፈለገው ሊቆፈር የሚችልና ውኃ የማይቋጥር አሸዋ ነው። በጋ ሲመጣ አዞዎች በዛ ብለው የሚታዩትም ቁጥራቸው ስለጨመረ ሳይሆን፣ የቀረው ውኃ ጥቂት በመሆኑ ነው፤ ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ ይበተናሉ። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ውኃ የግድ ያስፈልጋቸዋል የሚለውም አይጸናም፤ በሞሪታኒያ በረሃማ ስፍራዎች ያሉ አዞዎች ኩሬው ሲደርቅ በዋሻና በጉድጓድ ውስጥ ተሸሽገው ዝናብ እስኪመጣ ይቆያሉ። እነዚህ ለረጅም ጊዜ የዓባይ አዞ ተብለው ቢቆጠሩም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የዘረመል ጥናት የምዕራብ አፍሪካውን አዞ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ለይቶታል፤ በዚያው ጥናት የተመረመሩት የጥንት ግብፅ የአዞ ሙሚዎችም የዚሁ ዝርያ ሆነው ተገኝተዋል።