ካሜራው ገበሬውን ሲጠብቅ

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ሲሉ የጤፍ ማሳው፣ ከማዶም የጮቄ ተራራ ሲታይዎ እጅዎ ወዲያው ወደ ስልክዎ ይሄዳል። ፎቶው ማማሩ አይቀርም። ማሳው ላይ ያጎነበሰው ገበሬ ግን ይታያል?

ኃይሌ ገሪማ በ1968 ዓ.ም. ለእይታ ባበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ ገበሬው ይታያል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የተቀረጸው በባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን፣ ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ነው። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኞቹ ከታች ይለፋሉ። ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ለማወቅ ንግግር አያስፈልግም። ምስሉም ቶሎ ቶሎ አይቀያየርም። ገበሬው ሥራውን ሲገፋ እኛም አብረነው እንቆያለን፤ ድካሙ የሚገባን ያኔ ነው።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ ከልጆችዎ ጋር በሁለት ምሽት ከፍለው ይዩት። ለአምስት ደቂቃ ድምፁን ያጥፉና «ማን ከላይ ነው? ማን ከታች?» ብለው ይጠይቋቸው። ከዚያ ገጠር ስትወጡ ስልኩን ለልጅዎ ይስጡት። ገበሬውን ያስፈቅድና፣ አንድ ትልም ከዳር እስከ ዳር እስኪያልቅ ሳያቋርጥ ይቅረጽ። እንጀራው ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ ያየዋል።